አሮጌ ጠመንጃ ኢላማ ሲስት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

የድሮ ጠመንጃ ተኩሶ ያልቀናው ሰው የሚወቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠመንጃውን ነው። «አርጅቷል» ብሎ ግድግዳ ላይ መልሶ ይሰቅለዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አረሩን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ አፈሙዝ ዛሬ ከሚሸጥ አረር ጋር ልክ ቢገጥም ዕድል ነው፤ የጠመንጃው ካሊበር፣ ማለትም የአፈሙዙ ስፋት የሚጠራበት ቁጥር፣ መጠሪያ እንጂ ልኬት አይደለምና።

አስቀድሞ ግን መሣሪያው ለመተኮስ ብቁ መሆኑን ጠመንጃ ጠጋኝ ይመርምረው። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ መተኮስ ዓይንና እጅን ያሳጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የአያት ውርስም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ቀዳዳው ሞላላ ሲሆን

ወረቀቱ ላይ በክብ ቀዳዳ ፈንታ ሞላላ ቅዳጅ ካያችሁ አረሩ በአየር ላይ እየተገለባበጠ በጎኑ መትቷል። አንዳንዴ ለጠመንጃው ጥምዝ ከልክ በላይ ረዝሞ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቀጥኖ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ጨብጠው ሊያሽከረክሩት አልቻሉም።

የጣሊያኑ የ1891 ካርካኖ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። 6.5 ሚሊሜትር ስለሚባል ለስዊድኑ ማውዘር የተሠራውን 6.5 አረር የሚገዙለት ብዙዎች ናቸው። የስዊድኑ አረር ውፍረት 0.264 ኢንች፣ የካርካኖው ደግሞ 0.268 ኢንች ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው የአንድ ፀጉር ውፍረት ነው፤ ካርካኖ «አይመታም» ተብሎ የታማው በከፊል በዚህች ፀጉር ነው። 10.5 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ አፍንጫው ድብልብል የሆነ፣ በትክክለኛው ውፍረት የተሠራ አረር ሲያገኝ ጠባዩ ይለወጣል።

ስለዚህ የራሳችሁን አፈሙዝ ለኩ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡና መዝጊያውን አውጡ። አፈሙዙን አጽድታችሁ በስሱ ዘይት ቀቡት። ከቦዮቹ ጥቂት የሚወፍር የንጹሕ እርሳስ ድብልብል በእንጨት መዶሻ ከጫፉ አስገቡና በነሐስ ዘንግ ግፉት። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ እኩል እየያዘ ይሄዳል። መሐል ላይ ድንገት ለቀቅ ካለ አፈሙዙ እዚያ ቦታ ሰፍቷል። ተገፍቶ የወጣው እርሳስ ላይ የቦዮቹ ቅርጽ ጎልቶ ይታያል፤ ከአንዱ ጉብታ እስከ ተቃራኒው ጉብታ በማይክሮሜትር ለኩ። የእርሳስ አረር ከዚህ ልኬት ከ0.001 እስከ 0.002 ኢንች መብለጥ አለበት። የእንግሊዙ ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ሰባት ቦዮች ስላሉት ተቃራኒ ጉብታ አይገኝለትም። ቀጭን የነሐስ ቅጠል ጠቅልላችሁበት ለኩና የቅጠሉን ውፍረት ሁለት ጊዜ ቀንሱ።

ወፍራሙ አረር የገባበት ጥይት አልጎርስ ካለ በመዝጊያው አታስገድዱት። የቀለሁ አንገት ተከፍቶ አረሩን የሚለቅበት ቦታ ካጣ ግፊቱ አደገኛ ይሆናል። አንገቱ የሳሳ ቀለህ ፈልጉለት።

ስናድር ጥይቱን ሲበትን

እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወታደሮች መቅደላ ድረስ ይዘውት የመጡት ስናድር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አረሩ ሆን ተብሎ ከአፈሙዙ እንዲቀጥን ተደርጎ የተሠራ ሲሆን ቂጡ ክፍት ነው፤ ባሩዱ ሲፈነዳ ቂጡ ተነፍቶ ቦዮቹን ይሞላል። ጥይቱ የሰፌድ ያህል ከተበተነ እርሳሱ ጠንክሮ አልነፋ ብሏል ማለት ነው። ከመኪና ባትሪ የቀለጠ እርሳስ ለዚህ አይሆንም፣ ማቅለጡም ራሱ መርዝ ነው። ንጹሕ እርሳስ በጥፍር ሲጫር በቀላሉ ምልክት ይይዛል።

መጀመሪያ ደህና መትቶ በኋላ ሲበላሽ

አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። አብረቅራቂ ግራጫ የእርሳስ መስመር በጥይት መጉረሻው አጠገብ ካለ አረሩ ቀጥኖ ትኩስ ጋዝ በጎኑ እያለፈ አቅልጦታል። መስመሩ ጫፉ አካባቢ ብቻ ከሆነ አረሩ ላይ የተቀባው ቅባት መንገድ ላይ አልቋል። በዓድዋ የኢትዮጵያ ተዋጊዎች ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ ይህን በወረቀት ነበር የፈታው፤ 25 ግራም አረሩ ወረቀት ተጠቅልሎበት ስለሚተኮስ እርሳሱ ብረቱን አይነካም።

በጥቁር ባሩድ ስትተኩሱ የሰምና የሞራ ድብልቅ ቅባት ተጠቀሙ። የሞተር ዘይት ከጥላሸቱ ጋር ተዋህዶ እንደ ሬንጅ ይደርቃል። ከተኩስ በኋላ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ አድርቃችሁም ዘይት ቀቡት፤ ካደረ ይዝጋል።

አንድ ላይ ተሰብስቦ ከኢላማው በላይ ሲያርፍ

እዚህ ላይ አረሩን አትንኩት፣ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። የብዙ የጦር ጠመንጃዎች ዝቅተኛው ማነጣጠሪያ ለ200፣ ለ300፣ አንዳንዴም ለ400 ሜትር የተስተካከለ ስለሆነ በ100 ሜትር ወደ ላይ ይመታሉ። ዝቅ አድርጋችሁ አነጣጥሩ፣ ወይም ሊነቀል የሚችል ከፍ ያለ የፊት ማነጣጠሪያ አስገጥሙ። ዋናውን የፊት ማነጣጠሪያ መሞረድ ደግሞ ጥይቱን ይብሱን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ የቅርሱንም ዋጋ ያወርዳል።