የቤት ፕላን በአውቶካድ፦ ከባዶ ገጽ እስከ 1፡50 ወረቀት

አውቶካድ የተባለውን የንድፍ ፕሮግራም የጀመረ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ብዙ ሳይቆይ ግድግዳ፣ በርና መስኮት መሳል ይችላል። «በ1፡50 አትመህ አምጣ»፣ ማለትም ከእውነተኛው ልክ ሃምሳ ጊዜ አሳንሰህ፣ ሲባል ግን ይጨነቃል። ጽሑፉ አይነበብም፣ የግድግዳና የምሰሶ መሃል የሚያመለክተው የአክሲስ መስመር ድፍን ሆኖ ይወጣል፣ ወረቀቱ በማስመሪያ ሲለካ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አይገናኝም። ከዚህ በታች አንዲት ትንሽ ቤት ከባዶ ገጽ ተነስተን ኤ3 ወረቀት ላይ እናወጣለን። ቀላሉን በፍጥነት እናልፋለን፤ ስኬሉ (የማሳነሻው ልክ) ጋ ስንደርስ ግን ረጋ እንላለን።

ቤቷ ጂ+0፣ ማለትም ፎቅ የሌላት ናት። በአንድ አቅጣጫ አክሲስ 1፣ 2 እና 3 አሉ፤ በመካከላቸው 4 ሜትርና 5 ሜትር አለ። በሌላው አቅጣጫ ኤ፣ ቢ እና ሲ አሉ፤ በመካከላቸው 3.5 እና 4 ሜትር አለ። የውጭ ግድግዳዋ 20 ሳ.ሜ ብሎኬት፣ የውስጡ 15 ሳ.ሜ፣ ኮለኖቿ (ምሰሶዎቿ) 30 በ30 ናቸው። ይህን መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ ንደፉትና ልኬቱን ሁሉ ጻፉበት። ስክሪን ፊት ተቀምጦ ልኬት የሚያስብ ሰው ግማሽ ጊዜውን በማጥፋትና በመመለስ ያሳልፋል።

1. ፋይሉን መክፈት

አዲስ ፋይል ስትከፍቱ «አካድአይሶ» የሚለውን ቴምፕሌት ምረጡ። «አካድ» ብቻ የሚለው ለኢንች የተዘጋጀ ነው፤ እሱን ይዞ የጀመረ ተማሪ የሀቹ (የቦታ መሙያው) እና የመስመር ዓይነቱ ንድፍ 25.4 ጊዜ ደቆ ይወጣበታል፤ ሀቹም ድፍን ጥቁር መስሎ ይታያል። ቀጥሎ «ዩኒትስ» ብላችሁ (ትዕዛዞቹ ሁሉ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው) ዴሲማል፣ ሚሊሜትር አድርጉት። ሕንፃ በሚሊሜትር፣ መንገድና ሳይት ፕላን በሜትር ይሠራል። አንድ ፋይል ውስጥ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

እዚያው እያላችሁ «ሴቭታይም» ብላችሁ 5 ስጡት። ፕሮግራሙ በየ5 ደቂቃው መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጣል፤ መብራት ሲጠፋ የምትጎዱት በዛ ቢባል በ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ዋናው ፋይል ከተበላሸ ደግሞ አጠገቡ በተመሳሳይ ስም የተቀመጠው «ባክ» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል አለ፤ ቅጥያውን ወደ «ዲደብሊውጂ» ስትለውጡት ከመጨረሻው ሴቭ በፊት የነበረው ሥራችሁ ይከፈታል።

2. ሌየር

ለአክሲስ፣ ለግድግዳ፣ ለኮለን፣ ለበርና መስኮት፣ ለዳይሜንሽን (ለልኬት ቁጥር)፣ ለጽሑፍ እና ለቪውፖርት (ስዕሉ ወረቀቱ ላይ ለሚታይበት መስኮት) ለየብቻ ሌየር (ንብርብር) ክፈቱ። የመስመር ውፍረቱን አሁኑኑ ስጡ፦ የተቆረጠ ግድግዳና ኮለን 0.50፣ በርና መስኮት 0.25፣ አክሲስና ዳይሜንሽን 0.18። የአክሲሱ የመስመር ዓይነት «ሴንተር 2» ይሁን። ቀለምና ውፍረት ሁሉ «ባይሌየር» (የሌየሩን ተከተል) ላይ ይቆይ፤ መስመር በመስመር ቀለም የተቀባ ድሮዊንግ በኋላ ለማረም የሚወስደው ጊዜ አዲስ ከመሳል አይተናነስም።

ሌየር 0 ላይ ብሎክ (እንደ አንድ ዕቃ ተደጋግሞ የሚገባ ስዕል) የሚሆኑ ነገሮችን ብቻ ሳሉ። «ዴፍፖይንትስ» የሚባለው ሌየር ላይ ምንም አትሳሉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ የፈጠረው ነው፣ አይታተምም። «ስክሪኑ ላይ አለ፣ ወረቀቱ ላይ ጠፋ» ከሚባሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

3. አክሲስ፣ ግድግዳ፣ ኮለን

ኤፍ 8ን ተጭናችሁ መስመሩን ቀጥ የሚያደርገውን ኦርቶን አብሩ። አንድ ቋሚ መስመር ስባችሁ «ኦ» በማለት በ4000 እና በ5000 ኦፍሴት አድርጉ (ትይዩ ቅጂ አውጡ)፤ አግድሙንም በ3500 እና በ4000። ቤቷ ስታድግ አክሲሶቹ ቢበዙ «አይ» እና «ኦ» የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ዝለሉ፤ ሳይት ላይ ከ1 እና ከ0 ጋር ይምታታሉ።

ኦስናፕ (የነጥብ መያዣው) ላይ ኢንድፖይንት፣ ሚድፖይንት፣ ኢንተርሴክሽንና ፐርፔንዲኩላር ይብሩ፤ «ኒረስት» ግን ይጥፋ። ኒረስት ሲበራ መስመሩ ጫፍ የያዘ ይመስላል፤ በርከት አድርጋችሁ ዙም ስታደርጉት ግን ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ ታገኙታላችሁ። ሀች «ክልሉ አልተዘጋም» ብሎ እምቢ ያለ ቀን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ለግድግዳው «ግድግዳ» ሌየርን አንቁና «ኦ» በሉ፤ ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት «ኤል»፣ ከዚያ «ሲ» አስገቡ። ይህ አዲሱ መስመር ባነቃችሁት ሌየር ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ካልሆነ ግድግዳችሁ ሁሉ የአክሲስ መስመር ሆኖ ይወጣል። የውጩን ከአክሲሱ ግራና ቀኝ በ100፣ የውስጡን በ75 አውጡ። ማዕዘኖቹን ለመግጠም ፊሌት ከትሪም ይሻላል፦ «ኤፍ» ብላችሁ ሺፍትን እንደያዛችሁ ሁለቱን መስመሮች ንኩ፣ ራዲየሱ ምንም ይሁን ምን ማዕዘኑ ስል ሆኖ ይገጥማል። የውስጥ መገናኛዎችን በትሪም ክፈቱ። የ2021 እትምና ከዚያ በኋላ ያሉት መቁረጫ መስመር ምረጡ አይሉም፤ በቀደሙት ላይ ግን «ቲ-አር» ካላችሁ በኋላ ኢንተርን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። ለበር ግድግዳውን የሚያቋርጥ መስመር አድርጉ፣ በ900 ኦፍሴት አድርጉት፣ መሃሉን ቁረጡ።

ኮለኑን ሌየር 0 ላይ 300 በ300 አድርጋችሁ ሳሉና መሃሉን መያዣ ነጥብ አድርጋችሁ ብሎክ ሥሩት፤ ከዚያ «ኮለን» ሌየርን አንቅታችሁ በየአክሲሱ መገናኛ አስገቡ። ግድግዳው 20 ስለሆነ ኮለኑ በየጎኑ 5 ሳ.ሜ ይወጣል። ከውጭ ፊቱ ልሙጥ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ኮለኑን ወደ ውስጥ ግፉና ከአክሲሱ ስንት እንደራቀ ዳይሜንሽን ስጡት፤ ፉቲንግ (የመሠረት) ፕላኑም ላይ ያው ቁጥር ይግባ። አክሲሱ ራሱ ግን አይነካም፤ ፎርማኑ ሲባጎ የሚወጥረው በእሱ ነው።

4. ስኬል

ሞዴል (ቤቱ የሚሳልበት ገጽ) ውስጥ 4 ሜትር ሁልጊዜ 4000 ነው። ስኬል የወረቀቱ ጉዳይ ነው እንጂ የቤቱ አይደለም። ይህን ያልያዘ ተማሪ ድሮዊንጉ ወረቀት ላይ አልገባ ሲለው የ«ስኬል» ትዕዛዝን ይጠራና በ0.02 ያሳንሰዋል። ያኔ 4000 የነበረው ዳይሜንሽን 80 ይላል። እሱን ለመሸፈን ቁጥሩን እየነካ በእጁ «4000» ብሎ ይጽፍበታል። ከሳምንት በኋላ አማካሪው «ይህን ግድግዳ 30 ሳ.ሜ ግፋው» ሲል ግድግዳው ይሄዳል፣ በእጅ የተጻፈው ቁጥር ግን አይለወጥም። ሳይት ላይ የሚለካው ሰው የሚያምነው የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ ስህተቱ የሚታወቀው ብሎኬቱ ከተደረደረ በኋላ ነው። ስለዚህ የዳይሜንሽን ቁጥር በእጅ አይጻፍ፤ ለአንዲት ቁጥርም ቢሆን።

ትክክለኛው መንገድ ሌይአውት ነው። ከታች «ሌይአውት 1» የሚለውን ክፈቱ። ይህ ገጽ በእውነተኛ ሚሊሜትር የሚለካ ወረቀት ነው፤ በፔጅ ሴትአፕ ኤ3 ስትመርጡ 420 በ297 ይሆናል። ራሱ የመጣውን ቪውፖርት አጥፉት፣ ፍሬማችሁንና ታይትል ብሎካችሁን በ1፡1 ሳሉ፣ ከዚያ «ቪውፖርት» ሌየርን አንቅታችሁ «ኤም-ቪ» በማለት አዲስ መስኮት ክፈቱ። ሌየሩን እንዳይታተም አድርጉት፤ ካልሆነ ፕላናችሁ ዙሪያውን ሳጥን ይዞ ይወጣል።

መስኮቱ ውስጥ ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ «ዚ» ብላችሁ ኢንተር፣ ከዚያ 1/50 ጽፋችሁ ሳትለያዩ «ኤክስ-ፒ» ጨምሩበት። ትርጉሙ «ሞዴሉን ከወረቀቱ አንጻር ሃምሳ ጊዜ አሳንሰህ አሳየኝ» ነው። ድሮዊንጉ በሜትር ከሆነ ይህ አይሠራም፤ አንድ ሜትር 1000 የወረቀት ሚሊሜትር ስለሆነ 1000ን ለስኬሉ አካፍሉ፦ ለ1፡50 20 ኤክስ-ፒ፣ ለ1፡100 10 ኤክስ-ፒ፣ ለ1፡200 5 ኤክስ-ፒ። በሜትር ስለው 1/50 የሰጡ ተማሪዎች መስኮቱ ውስጥ አንዲት ነጥብ ያያሉ፣ «ድሮዊንጌ ጠፋ» ይላሉ።

ስኬሉን እንደሰጣችሁ ቪውፖርቱን ቆልፉ። ሳይቆለፍ የማውዙን ጎማ አንዴ ያዞረ ሰው ስኬሉ ይለወጥበታል፤ 1፡50 የነበረው 1፡53.7 ይሆናል፣ በዓይን ግን አይታወቅም።

ስኬሉን ከመምረጣችሁ በፊት ሂሳቡን በራሳችሁ አስሉ። የቤታችን የውጭ ስፋት 9200 በ7700 ነው። በ1፡50 184 በ154 ሚ.ሜ ይሆናል፤ ዳይሜንሽን፣ የአክሲስ ክብና ታይትል ብሎክ ተጨምሮበት ኤ3 በቂ ነው። ለኤ1 የተዘጋጀ ድሮዊንግ ኤ3 ላይ ሲታተም ደግሞ ግማሽ ይሆናል፦ 1፡50 የሚለው በእውነቱ 1፡100 ነው፣ 2.5 ሚ.ሜ ፊደልም 1.25 ይሆናል። እንዲህ ያለ ወረቀት ስትሰጡ ስኬሉን አርማችሁ ጻፉ።

ጽሑፍና ዳይሜንሽን። ወረቀት ላይ ፊደሉ 2.5 ሚ.ሜ እንዲሆን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሞዴል ውስጥ በ2.5 ሲባዛ 50፣ ማለትም በ125 መጻፍ ነው። ሌላው ጽሑፉ መጠኑን ከስኬሉ ጋር ራሱ የሚያስተካክልበት አኖቴቲቭ ነው፦ ስታይሉን አኖቴቲቭ አድርጋችሁ ቁመቱን 2.5 ስጡ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ከስክሪኑ ግርጌ 1፡50ን ምረጡ። አንድ ወረቀት ላይ ፕላኑን በ1፡50 የፉቲንግ ዝርዝሩን በ1፡20 የምታወጡ ከሆነ አኖቴቲቭን ልመዱ፤ ፌሮና ስታፋ (የኮንክሪት ብረት) በብዛት የሚጻፍበት ዝርዝር ላይ በእጅ ማባዛት ያሳስታል። አንድ ወጥመድ አለው፦ ጽሑፉ ሞዴል ላይ ታይቶ ሌይአውት ላይ ከጠፋ የተጻፈበት ስኬልና የቪውፖርቱ ስኬል አልተገናኙም።

በአማርኛ የጻፋችሁት ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከወጣ ፎንቱ ነው። የአውቶካድ የራሱ «ሼክስ» ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ በ«ስታይል» ውስጥ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ምረጡ።

ዳይሜንሽን በሦስት ረድፍ ይደርደር፦ ለቤቱ የሚቀርበው የበርና መስኮት፣ መሃሉ ከአክሲስ አክሲስ፣ ውጩ ጠቅላላ። የረድፉ ድምር ከጠቅላላው ጋር መግጠሙን በእጃችሁ ደምሩ።

አክሲሱ ድፍን ሆኖ ከወጣ «ኤልቲስኬል» 1፣ «ፒኤስኤልቲስኬል» 1 መሆናቸውን አዩና «ሪጄንኦል» በሉ። ያለ ሪጄን ለውጡ ላይታይ ይችላል።

5. ማተም

ፕሎት ውስጥ ስኬሉ 1፡1 ይሁን፤ «ፊት ቱ ፔፐር» የሚለው ላይ ምልክት አይኑር። ፕሎት ስታይሉ «ሞኖክሮም» ይሁን፤ ካልሆነ ቢጫው ሌየር ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም። ወደ ፒዲኤፍ አውጡና ማተሚያ ቤት የምትወስዱት ፒዲኤፉን ይሁን። ዲደብሊውጂ ፋይሉን ከወሰዳችሁ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱም የመስመር ውፍረቱም ሊለወጥ ይችላል። ሠራተኛውንም «አክቹዋል ሳይዝ አድርገህ አትምልኝ» በሉት፤ የፒዲኤፍ ማንበቢያው «ፊት» ላይ ከሆነ እናንተ የለፋችሁበትን ስኬል ያበላሸዋል።

ወረቀቱን ስትረከቡ እዚያው በማስመሪያ ለኩት። ከአክሲስ 2 እስከ 3 5000 ነው፤ በ1፡50 በትክክል 10 ሳ.ሜ መምጣት አለበት። 9.7 ከመጣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ድጋሚ ይታተም።

6. ሳይት ፕላን ከኮኦርዲኔት

ይህ በሜትር በተለየ ፋይል ይሠራል። የወሰን ነጥቦቹን ኤክሴል ላይ አስገቡና ኢስቲንግና ኖርዚንግን (ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን የሚቆጠሩትን ቁጥሮች) በኮማ ብቻ፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ አንድ ሴል ውስጥ አገናኙ። ኤፍ 12ን ተጭናችሁ ዳይናሚክ ኢንፑትን አጥፉ፤ እሱ በርቶ እያለ ከሁለተኛው ነጥብ ጀምሮ የሚገባው ቁጥር ካለፈው ነጥብ እንደተቆጠረ ሊወሰድ ይችላል። «ፒ-ኤል» ብላችሁ ዓምዱን በሙሉ ከታች ያለው የትዕዛዝ መስመር ላይ ፔስት አድርጉ፣ በመጨረሻም «ሲ» ብላችሁ ዝጉ። ቦታውን ወደ ዜሮ አታንቀሳቅሱት፤ ሰርቬየሩ ተመልሶ የሚተክለው በእነዚያው ቁጥሮች ነው።

አውቶካድ የሚቀበለው ኢስቲንግን አስቀድሞ ነው። የሰርቬየሩ መለኪያ መሣሪያ፣ ቶታል ስቴሽን፣ ብዙ ጊዜ ኖርዚንግን ያስቀድማል። በዩቲኤም (የካርታ ኮኦርዲኔት ሥርዓት) ዞን 37 ውስጥ ባለችው በአዲስ አበባ መሃል ሁለቱም ባለ ስድስት አኃዝ ስለሆኑ በርዝመታቸው አይለዩም፤ ኢስቲንጉ 470 ሺህ አካባቢ፣ ኖርዚንጉ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ መሆኑን እያያችሁ ለዩ። ፖሊላይኑ ሲዘጋ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስፋቱን ይነግራችኋል፤ ካርታው ላይ ከተጻፈው ካሬ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ የነጥቦቹ ቅደም ተከተል ተዛብቶ መስመሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ይሆናል። ኢስቲንግና ኖርዚንግ ከተለዋወጡ ግን ቦታው እንደ መስታወት ምስል ስለሚገለበጥ ካሬው ያው ይሆናል፤ ስለዚህ ከስፋቱ ሌላ መንገዱ በየትኛው ጎን እንደሆነ ከካርታው የሰሜን ምልክት ጋር አገናኝታችሁ ተመልከቱ።