ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምሳ ዕቃ ስናዘጋጅ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተቋጠረ ምግብ የሚበላው ስድስት ሰዓት ገደማ በመሆኑ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባውን ስንመርጥ ከጣዕሙ እኩል ሳይበላሽ መቆየቱን ማሰብ ይገባናል። እርጎ፣ አይብና መረቅ የበዛበት የሥጋ ወጥ ያለ ማቀዝቀዣ ይህን ያህል ሰዓት ስለማይቆዩ ለቤት ቢተዉ ይሻላል።

ፍርፍር ግን ለዚሁ የተፈጠረ ይመስላል። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቶ በርበሬና ቲማቲም ከጨመሩ በኋላ፣ ውኃውን ቀነስ አድርጎ የደረቀ እንጀራ መፈርፈር ነው፤ ውኃ የበዛበት እስከ ምሳ ሰዓት ገንፎ ይሆናል። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ምግቡ በሰፊ ሳህን ተዘርግቶ መብረድ አለበት፤ አለበለዚያ እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ይሆንና ያረጥበዋል።

ለረቡዕና ለዓርብ ከሁሉ የምመርጠው አዚፋን ነው። የተቀቀለው ድፍን ምስር በሰናፍጭ፣ በቃሪያና በሎሚ ተለውሶ ቀዝቅዞ የሚበላ በመሆኑ ማሞቂያ አያስፈልገውም። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ይረዳል። ከምግቡ ጋር ሻይ መጠጣት ደግሞ ይህንኑ ይቀንሳል።

ከትምህርት በኋላ ለሚቆይ ልጅ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በተጨማሪ ይያዝለት። በዚህ ዕድሜ የልጅነት ሥዕል ያለበት ምሳ ዕቃ ስለሚያሳፍር፣ ዕቃውን ራሱ ተማሪው ይምረጥ።