ሠራተኛዎ ከሥልጠና ሲመለስ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ነኝ። አንዷ ሠራተኛችን ከቅሬታ አያያዝ ሥልጠና ስትመለስ ትምህርቱን አንድ በአንድ ታስረዳኝ ነበር። በማግስቱ አንድ እንግዳ ሙቅ ውሃ የለም ብሎ ደወለ። «ለጥገና ንገራቸው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቡና ጋብዤ ሳናግራት ለካ የሦስት ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ አልተከፈላትም። በሥራው አኩርፋለች፤ ያኮረፈ ሰው ደግሞ የተማረውን ለማውጣት እጁ አይፈታም።

ስለዚህ ሰው ከመላክዎ በፊት ለብቻው አስቀምጠው «ሥራው እንዴት ይዞሃል?» ይበሉት። ቅሬታ ካለው መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ። ባልድዊንና ፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ሥልጠና ወደ ሥራ እንዲሻገር ሦስት ነገር ይወስናል ብለዋል፦ የሠልጣኙ ሁኔታ፣ የሥልጠናው አሰጣጥና የሥራ ቦታው። የመጨረሻው በአብዛኛው በእኛ በአለቆች እጅ ነው።

ሲመለስ በዚያው ሳምንት የሚሞክርበት ሥራ ይስጡት። እኔ አሁን ከሥልጠና የተመለሱት የሚቀበሏቸውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅሬታዎች አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። አላቋርጥም። እንግዳው ከሄደ በኋላ «ስሙን ጠርተህ ይቅርታ መጠየቅህ ጥሩ ነው፤ መቼ እንደሚስተካከል ግን አልነገርከውም» እላለሁ። የድሮ ሠራተኞች «ሥልጠናና ሥራ ለየቅል ነው» እያሉ ወኔውን እንዳይሰልቡት አስቀድመው ያነጋግሯቸው።

ለጥምቀት ሰሞን ሥልጠና አይያዙ። እንግዳ ሲጎርፍ ሁሉም ወደለመደው ይመለሳል። የልጅቷ ክፍያ ተስተካክሏል፤ አሁን ስልክ ከመዝጋቷ በፊት የክፍል ቁጥሩን ትጽፋለች፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላም መልሳ ትደውላለች።