ስኮትላንዳዊውን እንግሊዛዊ አትበሉት፦ የእንግሊዝን ባላንጣዎች ስንዘግብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወጣት ስፖርት ዘጋቢዎችን ጽሑፍ ማረም ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። እንግሊዝ ከጎረቤቶቿ ወይም ከሩቅ ባላንጣዎቿ ጋር በተጫወተች ቁጥር ያው ስህተት እዚያው ቦታ ላይ ይጠብቀኛል። አስተካክዬ እመልሳለሁ፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ተመልሶ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት አንድ ብዕሩ የሚያምር ልጅ «እንግሊዛዊው አሰልጣኝ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ያን ዕለት ማታ ይህን ጽሑፍ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝንና ብሪታንያን አንድ ማድረግ

አያቶቻችን ከዚያች ደሴት የመጣውን ሰው ሁሉ «እንግሊዝ» ሲሉ ኖረዋል፤ በቤት ውስጥ ወግ ማንንም አይጎዳም። በስፖርት ገጽ ላይ ግን ይጎዳል። ፈርጉሰን የግላስጎው ልጅ ነው። ኬኒ ዳልግሊሽና ዴኒስ ሎው ስኮትላንዳውያን ናቸው። ጆርጅ ቤስት ቤልፋስት የተወለደ ሰሜን አየርላንዳዊ ነው። ራያን ጊግስና ጋሬዝ ቤል የዌልስ ናቸው። እነዚህን ሰዎች እንግሊዛዊ ማለት ትንሽ የፊደል ግድፈት የሚመስለው ሰው ካለ፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ግጥሚያ በማንና በማን መካከል እንደተደረገ ይጠይቅ። ኅዳር 30 ቀን 1872 ግላስጎው አጠገብ፣ በአንድ የክሪኬት ሜዳ ላይ፣ ስኮትላንድና እንግሊዝ ተገናኝተው ያለ ግብ ተለያዩ። በአገሮች መካከል የሚደረግ እግር ኳስ የተወለደው እነዚህ ሁለቱ አንድ ስላልሆኑ ነው! ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጽፍ ዘጋቢ የጨዋታውን ምክንያት ራሱን ሰርዞታል።

ስኮትላንዶች ይህን ቂም ሳይሆን ማንነት ነው ይሉታል። እንግሊዝ የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ ካነሣች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸነፈችው በሚያዝያ 1967 በዌምብሌይ ነው፤ ያሸነፏት ስኮትላንዶች ነበሩ፣ 3 ለ 2። ጂም ባክስተር ጨዋታው ገና ሳያልቅ ኳሷን በእግሩ እያነጠረ ሲጫወትባት የሚያሳየውን ምስል አሁንም የሚያውቁ የስኮትላንድ ልጆች አሉ፤ አባቶቻቸው እንኳ ሳይወለዱ የተደረገ ጨዋታ ነው። ያን የመሰለ ሰው እንግሊዛዊ ተብሎ ሲጻፍ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ስለ ዳልግሊሽ ስጽፍ «ታላቁ የእንግሊዝ አጥቂ» አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ አዛውንት ጋዜጣውን በአራት አጥፈው ይዘው ቢሮ መጡ። በወጣትነታቸው ግላስጎው ተምረዋል። ዓረፍተ ነገሬን በእርሳስ አስምረውበት ነበር። አልተቆጡም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልጄ፣ የውጭ ጋዜጣ አበበ ቢቂላን ጣሊያናዊ ብሎ ቢጽፍ ዝም ትላለህ?» አሉኝ። ንጽጽሩ በታሪክ ሚዛን ልክ አይደለም፤ እሳቸውም ያውቁታል። ስሜቱ ግን ገባኝ፤ ያቺን የእርሳስ መስመር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

መለያው ከባድ አይደለም። በእግር ኳስ አራቱም፣ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ፣ የየራሳቸው ብሔራዊ ቡድን አላቸው። በራግቢ መላው የአየርላንድ ደሴት በአንድ ቡድን ይጫወታል። በክሪኬት እንግሊዝና ዌልስ አንድ ቡድን ናቸው። በኦሊምፒክ ግን እንግሊዝ የሚባል ተወዳዳሪ የለም፤ ያለው ታላቋ ብሪታንያ ነው። በ2012 ለንደን ላይ ሞ ፋራህ 10 ሺህ ሜትሩን ሲያሸንፍ፣ ታሪኩ በቀለ ነሐስ ሲወስድና ቀነኒሳ አራተኛ ሲወጣ፣ «እንግሊዝ ወርቁን ነጠቀችን» የሚል ርዕስ አንብቤያለሁ። ወርቁን የወሰደችው ብሪታንያ ናት።

ሁሉንም ባላንጣ በአንድ ከረጢት መክተት

«እንግሊዝን የሚጠሉ አገሮች» የሚል ዝርዝር አዘጋጅቶ የሚያመጣልኝ ሰው አይጠፋም። ስኮትላንድ፣ አየርላንድ፣ አርጀንቲናና አውስትራሊያ ተደርድረው ይመጣሉ። የእነዚህ ሕዝቦች ቁስል አንድ አይደለም። የስኮትላንድና የእንግሊዝ ፓርላማዎች በ1707 የተዋሐዱት በስምምነት ነው፤ ስኮትላንድ ቅኝ አልተገዛችም። የአየርላንድ ታሪክ ረሃብና ጥይት አለበት። የአርጀንቲና ቁስል የቅርብ ጦርነት ነው፤ የአውስትራሊያ ደግሞ በአብዛኛው የተወለደው በሜዳ ላይ ነው።

የስኮትላንድም ስሜት ቢሆን ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም። መጋቢት 17 ቀን 1990 ኤድንብራ ውስጥ በመሪፊልድ የተደረገውን የራግቢ ጨዋታ ውሰዱ። ሁለቱም ቡድኖች ሳይሸነፉ ደርሰው ነበር፤ ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል። የለንደን መንግሥት በነፍስ ወከፍ የሚከፈለውን አዲስ ግብር በስኮትላንድ ላይ የጣለው ከእንግሊዝ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1989 ነው። የስኮትላንዱ አምበል ዴቪድ ሶል ቡድኑን እየሮጠ ሳይሆን በዝግታ፣ እርምጃ በእርምጃ እየተራመደ ወደ ሜዳ ሲያስገባ ሕዝቡ የጮኸው ለራግቢ ብቻ አልነበረም። ስኮትላንድ 13 ለ 7 አሸነፈች። ያን የግብር ቁጣ የማያውቅ ዘጋቢ «የዘመናት ጥላቻ ፈነዳ» ብሎ ይጽፋል። የፈነዳው የዚያ ዓመት ምሬት ነው።

የአርጀንቲናን ታሪክ ከማራዶና እጅ መጀመር

ማራዶና በ1986 እንግሊዝ ላይ በእጁ ግብ ካገባበት ጨዋታ ሃያ ዓመት ቀደም በሉ። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ በዌምብሌይ የአርጀንቲናው አምበል አንቶኒዮ ራቲን ከሜዳ ውጣ ተባለ። ዳኛው ጀርመናዊ፣ እሱ ስፓኒሽ ተናጋሪ፤ መግባባት አልቻሉም። አስተርጓሚ እየጠየቀ ለረጅም ደቂቃዎች አልወጣም አለ። ከጨዋታው በኋላ የእንግሊዙ አሰልጣኝ አልፍ ራምሴይ ተጋጣሚዎቹን ከእንስሳት ጋር አመሳሰለ፤ ያ ቃል በቦነስ አይረስ አልተረሳም። ዛሬ የምናውቃቸው ቢጫና ቀይ ካርዶች ሐሳብ የመጣው ከዚያ ግራ መጋባት ሲሆን፣ በ1970 የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ።

ከዚያ አርጀንቲናና ብሪታንያ በፎክላንድ ወይም ማልቪናስ ደሴቶች የተዋጉበት የ1982ቱ ጦርነት መጣ። 649 አርጀንቲናውያንና 255 የብሪታንያ ወታደሮች ሞቱ፤ ሦስት የደሴቶቹ ነዋሪዎችም እንዲሁ። ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት ከስምንት ቀን በኋላ ነው ማራዶና ሜክሲኮ ላይ ሁለቱን ግቦች ያገባው። ተጫዋቾቹ ከጨዋታው በፊት እግር ኳስ ከጦርነት ጋር አይገናኝም ሲሉ ነበር፤ ማራዶና ግን ከዓመታት በኋላ እንደ በቀል ተሰምቶት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን ብቻ የጻፈ አንባቢውን አታሏል።

ስለ ደሴቶቹ ስም አንድ ነገር ልጨምር። «ፎክላንድ» ስትሉ የለንደንን፣ «ማልቪናስ» ስትሉ የቦነስ አይረስን አጠራር መርጣችኋል። ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁለቱንም ጥቀሱ።

ባንዲራና ዓመተ ምሕረት

በነጭ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት የእንግሊዝ ነው፤ የተቀየጠው ሰንደቅ የብሪታንያ ነው፤ በፎቶግራፍ መግለጫ ላይ አታምታቱ። ደግሞ «በ1966 ዓ.ም. የተካሄደው የዓለም ዋንጫ» አትበሉ፤ በእኛ አቆጣጠር 1958 ዓ.ም. ነበር።

ጨዋታን ጦርነት ማለት

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። «ደመሰሰ»፣ «ድባቅ መታ»፣ «የሞት ሽረት ውጊያ»፣ «የደም መላሽ ፍልሚያ»። እናንተ የምትጽፉት ልጁን ከጦር ሜዳ ያጣ አባት ለሚያነብበት ገጽ ነው። እኛ አገር ጦርነት ከመጽሐፍ የሚታወቅ ነገር አይደለም። በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ልትጫወት ስትል አንድ የለንደን ጋዜጣ ተጫዋቾችን የጦር ቆብ አልብሶ፣ ጀርመኖችን እጅ ስጡ የሚል የፊት ገጽ አወጣ። አዘጋጁ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። እነሱ ያፈሩበትን እኛ ለምን እንወርሰዋለን? ኃይሌና ፖል ቴርጋት በሲድኒ 2000 ተናንቀው በ0.09 ሰከንድ ሲለያዩ ማንም ማንንም አልደመሰሰም፤ ያን ውድድር ያየ ኢትዮጵያዊ ባላንጣነት ያለ ጥላቻ ምን ያህል ሊሞቅ እንደሚችል ያውቃል።

በእንግሊዝ ጋዜጣ ዓይን ማየት

ዜናችንን በአብዛኛው የምንተረጉመው ከለንደን ነው። ስለዚህ ሳናስበው «ማራዶና ያጭበረበረበት ጨዋታ» እንጂ ከአራት ደቂቃ በኋላ ግማሹን ሜዳ አቋርጦ ያገባባት ሌላዋ ግብ ርዕስ አትሆንም። ሳናስበው የጀርመን ዋና ባላንጣ እንግሊዝ ትመስለናለች፤ ጀርመኖች ግን ሆላንድን ያስቀድማሉ። አንድ ዜና ከመጻፋችሁ በፊት የሌላውን ወገን አንድ ዘገባ ፈልጋችሁ አንብቡ። በስፓኒሽ ቢሆንም ዛሬ በኮምፒውተር ተተርጉሞ ይገኛል።

ቀልድን እንደ ጥላቻ መተርጎም

ስኮትላንዳዊው የቴኒስ ተጫዋች አንዲ ሙሬይ በ19 ዓመቱ፣ በ2006፣ በዓለም ዋንጫው ማንን እንደሚደግፍ ተጠየቀ። ስኮትላንድ አላለፈችም ነበር። ከእንግሊዝ ጋር የሚጫወተውን ሁሉ አለ፤ አጠገቡ ከተቀመጠው እንግሊዛዊ ጓደኛው ከቲም ሄንማን ጋር እየተቀላለደ ነበር። ቃሉ ከቀልዱ ተቆርጦ ታተመ፤ ለዓመታትም ሲሰደብበት ኖረ። በ2013 ዊምብልደንን ከ77 ዓመት በኋላ ለብሪታንያ ወንዶች ሲያስመልስ እንኳ ያነሡበት ነበሩ። የተናጋሪውን ቃል ስትተረጉሙ ሲስቅ እንደነበር ካልጻፋችሁ አትተርጉሙት።

ፉጨትን ብቻ መስማት

የእንግሊዝ መዝሙር በባላንጣ ሜዳ ሲፉጨበት ወዲያው ዜና ይሆናል። ጸጥታም ዜና ነው፤ ከሁሉ የሚልቀው ዜና እሱ ሊሆን ይችላል።

ደብሊን የሚገኘው ክሮክ ፓርክ የአየርላንዶች ባህላዊ ጨዋታዎች ሜዳ ነው። ኅዳር 21 ቀን 1920 ጠዋት የአየርላንድ ታጣቂዎች የብሪታንያ የስለላ ሰዎችን ገደሉ፤ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ኃይሎች ክሮክ ፓርክ ገብተው ጨዋታ በሚያየው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። አሥራ አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ ለቲፐረሪ ይጫወት የነበረው ማይክል ሆጋን ነው። ከስታዲየሙ መቀመጫ ክፍሎች አንዱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የሜዳው ባለቤት ማኅበር እንደ እንግሊዝ ጨዋታ የሚያያቸውን እግር ኳስንና ራግቢን ለአሥርተ ዓመታት ከዚያ ሣር አግዶ ኖረ። በ2005፣ የራግቢው ስታዲየም ሊታደስ ሲል፣ ዕገዳውን ለጊዜው ለማንሣት ድምፅ ሰጠ።

የካቲት 24 ቀን 2007 የእንግሊዝ ራግቢ ቡድን በዚያ ሜዳ ቆመ። መዝሙሩ ለንግሥቲቱ ይዘመራል፤ በዚያ ቦታ! ከ82 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ሁሉም ፉጨቱን ይጠብቅ ነበር። አንድም አልተሰማም። መዝሙሩ እስከ መጨረሻው በክብር ተዘመረ፤ ሲያልቅ አጨበጨቡ። ቀጥሎ የአየርላንድ መዝሙር ሲነሣ ግዙፉ ጆን ሄይስ እንባው በጉንጩ ሲወርድ ታየ። ከዚያ አየርላንድ 43 ለ 13 አሸነፈች። እንዲህ ያለውን ቀን «የሁለቱ አገራት ጥላቻ» በሚል ርዕስ ሥር ያስቀመጠ ጽሑፍ አርሜያለሁ፤ ከማረም ይልቅ እንደ አዲስ አጻፍኩት።

የዚያ ክብር ሥር ሩቅ ነው። በ1972 በሰሜን አየርላንድ ግድያ ሲበረታ ስኮትላንድና ዌልስ ደብሊን ሄደን አንጫወትም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ መጣች። የደብሊን ሕዝብ ቆሞ ለደቂቃዎች አጨበጨበላት፤ ከዚያም 18 ለ 9 አሸነፋት።

ፉክክሩን ወደ ሰው ማውረድ

አየርላንድን በእግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትልቅ ውድድር ያደረሳት ጃክ ቻርልተን ነው፤ በ1966 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣ እንግሊዛዊ። በ1988 ሽቱትጋርት ላይ አየርላንድ በእሱ እየተመራች እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ግቧን ያስቆጠረው ሬይ ሃውተን ግላስጎው የተወለደ ነው። ቻርልተን በ2020 ሲሞት አየርላንድ እንደ ራሷ ልጅ አለቀሰችለት።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ በ1932 እና 1933 የእንግሊዝ ክሪኬት ቡድን ኳሱን ወደ ተጋጣሚው አካል መወርወርን ስልት አድርጎ መጣ። አደላይድ ላይ የአውስትራሊያው አምበል ደረቱን ተመታ፣ ሌላው ተጫዋች ራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ነገሩ በቴሌግራም ወደ ለንደን ተሻግሮ የሁለቱ አገሮች ጠብ ሆነ። ትእዛዙን የሰጠው አምበል ዳግላስ ጃርዲን በአውስትራሊያ እጅግ የተጠላው «እንግሊዛዊ» ነበር፤ ወላጆቹ ግን ስኮትላንዳውያን ናቸው። ኳሷን የሚወረውረው ሃሮልድ ላርውድ የቀድሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነው። አገሩ ሲመለስ ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። አምበሌ ያዘዘኝን ነው ያደረግሁት ብሎ እምቢ አለ፤ ለእንግሊዝም ዳግም አልተጫወተም። በኋላ ብላክፑል ውስጥ ትንሽ የከረሜላ ሱቅ ከፍቶ ኖረ። በ1950 ሚስቱንና አምስት ሴት ልጆቹን ይዞ ወደ ሲድኒ ተሰደደ። እንዲሄድ ከረዱት መካከል በዚያ ውድድር ኳሱን የወረወረበት አውስትራሊያዊ ነበረ። ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ በ1995 እዚያው ሲድኒ አረፈ።