ወላጅን ከትምህርት ቤት የሚያርቁ የወላጅ መምህር ኅብረት ስህተቶች

ስብሰባ ተጠርቶ ወንበሩ ባዶ ሲቀር ከኮሚቴው አፍ ቀድሞ የሚወጣው «የዘንድሮ ወላጅ ግድ የለውም» የሚል ቃል ነው። እዚያ ፍርድ ላይ ከመድረስ በፊት ባለፈው ዓመት የተላኩትን ማስታወቂያዎች አውጥቶ በሁለት መደርደር ይጠቅማል፤ በአንድ በኩል «ክፈሉ»፣ «አምጡ»፣ «ተገኙ» የሚሉት፣ በሌላው በኩል «ያዋጣችሁት እዚህ ላይ ዋለ»፣ «የጠየቃችሁት ይህን መልስ አገኘ» የሚሉት። የመጀመሪያው ተቆልሎ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ወላጁ የቀረበት ምክንያት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በየትኛውም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያጋጥማሉ፤ አብዛኞቹም መልስ ካለመስጠት ይጀምራሉ።

በዋዜማው የሚላክ አንድ መስመር ጥሪ

«ነገ 9፡00 የወላጆች ስብሰባ ስላለ እንዲገኙልን።» እዚህች መስመር ውስጥ የጎደለው ብዙ ነው። ከሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ ጊዜ አትሰጥም። ስለ ምን እንደሚወራ አትናገርም። ሰዓቱ የጠዋት ይሁን የከሰዓት አይታወቅም፤ በአማርኛ በሚነበብ ጥሪ ላይ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የምትለው ቃል በፍጹም መቅረት የለባትም። ከሁሉ የባሰው ግን የማብቂያ ሰዓት አለመጻፉ ነው። የቀን ሥራ የሚሠራ ወይም ሕፃን ለጎረቤት ትቶ የሚመጣ ሰው ቀድሞ የሚያሰላው መቼ እንደሚለቀቅ ነው። ማብቂያው ያልታወቀ ስብሰባ ለእሱ የግማሽ ቀን ገቢ ማጣት ነው።

ጥሪው ከ10 ቀን በፊት በወረቀት፣ ከ3 ቀን በፊት በስልክ መልእክት ይሂድ፤ የዋዜማው ለማስታወስ ብቻ ይሁን። ወረቀቱ ላይ ቀኑ ከነዕለቱ፣ መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት፣ የሚሰበሰቡበት ክፍል፣ ከ3 ያልበለጡ አጀንዳዎች ይጻፉ። ከግርጌው ተቆርጦ የሚመለስ ቁራጭ ይኑረው፦ የተማሪው ስም፣ ክፍል፣ «እመጣለሁ» ወይም «አልችልም»፣ ከሥሩ ደግሞ «እንዲነሳልኝ የምፈልገው ጥያቄ» የሚል 2 መስመር። መምጣት የማይችል ወላጅ ጥያቄው ስብሰባው ላይ ተነስቶ መልሱ ከደረሰው ባይገኝም ተሳትፏል።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ይዘውት ሊዞሩ ይችላሉ። ለእነሱ ጥሪውን የቤት ሥራ ደብተራቸው ላይ በስቴፕለር ማያያዝና የወላጅ ፊርማ መጠየቅ ይሻላል። የተመለሱትን ቁራጮች ቁጠሩ። 45 ተማሪ ካለበት ክፍል 12 ብቻ ከመጣ፣ ካልመለሱት 33 ወላጆች ለ5ቱ ደውሎ «ወረቀቱ ደርሶዎታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ችግሩ ከመንገዱ ይሁን ከወላጁ በ15 ደቂቃ ያሳያል።

ምስጋና ብቻ የሆነ ዜና

«ባለድርሻ አካላት በተገኙበት በደማቅ ሁኔታ ተከበረ።» የኅብረቱ ዜና መጽሔት ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ከሆነ የሚያነበው ፎቶው ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ የሚመጡት 4 ሳምንታት ቀናት (ፈተና፣ ትምህርት የሌለበት ቀን፣ ስብሰባ)፤ መሐል ላይ ባለፈው ስብሰባ የተወሰኑት ነገሮች ከእያንዳንዳቸው ጎን «ተጠናቀቀ»፣ «በሂደት ላይ»፣ «ቆመ» ተብለው፤ ከታች አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የሚያነጋግሩት ሰው ከተጠቀሰበት ጋር። «ቆመ» የሚለውን ከነምክንያቱ ለመጻፍ የማያፍር ኅብረት ሌላው ዜናውም ይታመንለታል።

ቋንቋውን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፤ ከመታተሙ በፊት ለአንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ስጡና ጮክ ብሎ ያንብብ። የተደናቀፈበትን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት። ማንበብ በማይችል ወላጅ ቤት ዜናውን የሚያነበው ያው ልጅ ነውና። ከዚህ በተጨማሪ ይኸው መልእክት ከ1 ደቂቃ ባልበለጠ የድምፅ ቅጂ ቢላክ ለብዙ ቤት ይደርሳል።

ማስታወቂያና ጨዋታ የተቀላቀሉበት የስልክ ቡድን

የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ የበዓል ምኞትና «አሜን» 80 መልእክት ሲሆን የፈተናው ቀን ለውጥ ከሥሩ ይቀበራል። ሁለት ማድረግ ነው፦ አንዱ ኃላፊዎች ብቻ የሚጽፉበት፣ ሌላው መወያያ። የልጆች ውጤት፣ የጤና ጉዳይ፣ የጥፋት ወሬ በሁለቱም አይጻፍም። የተማሪ ፎቶ የሚለጠፈው ወላጁ በምዝገባ ጊዜ በጽሑፍ ከፈቀደ ብቻ ነው። «ያልከፈሉ ወላጆች ዝርዝር» ደግሞ የትም ቦታ አይለጠፍም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል።

ገንዘብ

የገንዘብ ነገር ሲነሳ ሁሉም ስለ ሌባ ያስባል። ብዙ ጊዜ ኅብረት የሚፈርሰው ግን ታማኝ ሰው ያለ ወረቀት በያዘው ገንዘብ ነው። ሲጠየቅ የሚያሳየው የለውም፤ ስሙ በከንቱ ይነሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ያዥ ልሁን የሚል ሰው ይጠፋል። ወረቀቱ ከሌባ ይልቅ ለታማኙ ሰው መከላከያ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ዓላማው ሳይወሰን መሰብሰብ ነው። «ለትምህርት ቤቱ ልማት» የሚባል መዋጮ መጨረሻው አይታወቅም። «የ3ኛ ክፍሎቹን 12 የተሰበሩ ዴስኮች ለማስጠገን» የሚባለው ግን ይታወቃል። መጀመሪያ የሥራው ዋጋ ቢያንስ ከ3 ቦታ ይጠየቅ፤ ቀጥሎ ስብሰባው ያጽድቀው፤ ከዚያ ይሰብሰብ። የተረፈው ገንዘብ ምን እንደሚሆንም በዚያው ዕለት ይወሰን።

ሁለተኛው የሚሰበስበው፣ የሚመዘግበውና የሚያስቀምጠው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ተቀባዩ ተከታታይ ቁጥር ባለው ጥራዝ ደረሰኝ ይቁረጥ፤ ዋናው ለከፋዩ፣ ኮፒው ጥራዙ ላይ ይቀራል። የተበላሸ ደረሰኝ «ተሰርዟል» ተብሎ ከነኮፒው እዚያው ይያያዛል እንጂ አይቀደድም። ቆጠራው በ2 ሰዎች ፊት ይደረግና ሁለቱም ይፈርሙ። ገንዘቡ በማግሥቱ የሥራ ቀን ባንክ ይግባ። ከሒሳቡ ለማውጣት 2 ፊርማ ይጠየቅ፤ ፈራሚዎቹ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አይሁኑ።

የትኬት ሽያጭ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ001 እስከ 200 ቁጥር ያላቸው ትኬቶች ተሰጥተው 37 ሳይሸጡ ከተመለሱ የተሸጠው 163 ነው። የአንዱ ዋጋ 50 ቢሆን 8,150 መገኘት አለበት። ሲቆጠር 8,050 ከመጣ 100 ጎድሏል። እዚህ ላይ ደግ ሰው የሚሠራው ስህተት ከኪሱ ሞልቶ ዝም ማለት ነው። አይሙላ፤ ጉድለቱ እንዳለ ተመዝግቦ ሁለቱ ቆጣሪዎች ይፈርሙበት። በኪስ የተሞላ ጉድለት በሚቀጥለው ሽያጭ ይደገማል፣ ከየት እንደመጣም ሳይታወቅ ይቀራል።

ሌላው ከሳጥኑ እያወጡ መክፈል ነው። ከዕለቱ ገቢ 700 ተነስቶ ለድንኳን ኪራይ ከተከፈለና ቀሪው ባንክ ከገባ፣ የባንኩ መግለጫ ገቢውን አሳንሶ ያሳያል፤ ከደረሰኝ ጥራዙ ጋርም አይገጥምም። ገቢው በሙሉ ይግባ፣ ወጪው ከባንክ ይውጣ። ለጥቃቅን ወጪ ገደብ ያለው ትንሽ ገንዘብ ለብቻ ተይዞ ሲያልቅ ደረሰኙ እየቀረበ ይተካ።

በወሩ መጨረሻ የሚሠራው ስሌት አራት መስመር ነው፦ ካለፈው ወር የዞረ፣ የዚህ ወር ገቢ፣ የዚህ ወር ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ። ቀሪው ከባንኩ መግለጫ ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? ይህን ስሌት ገንዘብ ያዡ ሠርቶ ሌላ ሰው ይፈትሸው። ለወላጅ ሲነገርም ጠቅላላውን ብቻ መናገር አይገባም። «ከዝግጅቱ 8,050 ተሰበሰበ» ተብሎ 3,200 ወጪ ካልተነገረ፣ በኋላ 4,850 ብቻ ሲታይ ቀሪውን ሐሜት ይሞላዋል።

የፈቃድ መዋጮን ማስገደድ ግን ከሁሉም ይከፋል። ሪፖርት ካርድ መያዝ፣ ልጁን ከክፍል ማስወጣት፣ ስሙን በሰልፍ ላይ መጥራት፣ ዝርዝር መለጠፍ ሁሉም ቅጣቱን የሚጥሉት ምንም ያልወሰነው ልጅ ላይ ነው። የወላጅ ተሳትፎን ያጠኑት አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጆይስ ኤፕስታይን ተሳትፎን በ6 ይከፍሉታል፦ የልጅ አስተዳደግ፣ ከትምህርት ቤት ጋር መልእክት መለዋወጥ፣ በፈቃደኝነት ማገዝ፣ ቤት ውስጥ ትምህርትን መደገፍ፣ በውሳኔ መሳተፍና ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር መተባበር። መዋጮ ራሱን ችሎ ከስድስቱ አንዱ ተደርጎ አልተቆጠረም። ገንዘብ የሌለው ወላጅ በሌሎቹ በሮች ሊገባ ሲችል በገንዘቡ በር ተዋርዶ ከተመለሰ ሁሉም ተዘግተውበታል።

ወላጅና መምህር የሚገናኙበትን ቀን ሳያሰሉ መጥራት

ስሌቱ ቀላል ነው፣ ግን ይረሳል። ለአንድ ልጅ 10 ደቂቃ ቢሰጥ 45 ልጅ 450 ደቂቃ ነው፤ ሰባት ሰዓት ተኩል። ሁሉንም በአንድ ከሰዓት በኋላ የጠራ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ሰልፍ ይፈጥራል፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው ወላጅም «ደህና ነው፣ ትንሽ ያጥና» ተብሎ ይሸኛል። በ3 ቀን 15፣ 15 አድርጎ መክፈል፣ በየ5 ልጁ የ10 ደቂቃ ክፍተት መተው፣ ለእያንዳንዱ ወላጅም ሰዓቱን ጽፎ መላክ ይቻላል። በትምህርት ቤቱ ሁለት ልጆች ያሉት ወላጅ የሁለቱንም መምህራን በአንድ ቀን ያግኝ።

ንግግሩን በውጤት መጀመርም ወላጁን ወዲያው ወደ መከላከል ይወስደዋል። የልጁን ደብተር ዘርግቶ ከ2 ወር በፊት የጻፈውንና የዛሬውን ጎን ለጎን ማሳየት፣ ከዚያ «ቤት ውስጥ እንዴት ያዩታል?» ብሎ መጠየቅ፣ በመጨረሻ ቤት ውስጥ የሚደረግ አንድ ነገር መስማማት። አንድ ብቻ፤ ለምሳሌ ማታ ማታ 10 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ። አምስት ምክር ይዞ የሄደ ወላጅ አንዱንም አይሠራም።

በጉባኤ ፊት የአንድ ልጅ ወይም የአንድ መምህር ጉዳይ ማንሳት

የግል ቅሬታ መንገዱ መጀመሪያ መምህሩ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ነው። ተመሳሳይ ቅሬታ ከብዙ ወላጅ ሲመጣ ያን ጊዜ የጋራ ጉዳይ ሆኖ ወደ ኅብረቱ ይቀርባል፣ ያውም ያለ ስም። ሰብሳቢው ይህን መጀመሪያ ላይ ተናግሮ ቢጀምር አንዱ ሲነሳ ለማስቆም አይቸገርም።

ቃለ ጉባኤ ላይ ያለው ስህተት ደግሞ «ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» የሚለው ዓይነት ነው። ውይይቱን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ የሚጠፋው ውሳኔው ነው። ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ፦ «የሴቶች መጸዳጃ 2 በሮች መቀርቀሪያ ይገጠምላቸው፤ ተጠሪ የንብረት ኮሚቴ፤ እስከ ወሩ 20።» ቀጣዩ ስብሰባ የሚከፈተው እነዚህን መስመሮች አንድ በአንድ በማንበብ ነው።

«ማገዝ የምትፈልጉ ኑ»

ለሁሉም የተጠራ ለማንም አልተጠራም። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ 4 ሰው፣ የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት በቁጥር መለጠፍ» ሲባል ሰው ራሱን ያገኝበታል። ሥራው ሲጀመር ሙጫው፣ መቀሱ፣ የቁጥሩ ወረቀት ቀርቦ ይጠብቅ፤ መጥቶ አንድ ሰዓት ቆሞ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። በዓመት 3 ወይም 4 ትልልቅ ዝግጅት ይበቃል፤ ቀኑ ከትምህርት ቤቱ ካሌንደር ጋር ተያይቶ ከፈተና ሳምንት ይራቅ።

ምርጫና ርክክብ

እጅ በማውጣት በ5 ደቂቃ የሚያልቅ ምርጫ ሁልጊዜ ደፋር ተናጋሪዎችን ይመርጣል። ከየክፍል ደረጃው ተወካይ ቢኖር የ1ኛ ክፍል ወላጅ ችግርም ይሰማል። የአባላቱ ቁጥር ጎዶሎ፣ 7 ወይም 9፣ ቢሆን ሁሉም ድምፅ ሲሰጡ እኩል አይከፈልም። ርዕሰ መምህሩ በየስብሰባው መገኘት አለበት። ደንብ ካላስገደደ በስተቀር ግን ሰብሳቢ አይሁን፤ ጠያቂውና ተጠያቂው አንድ ሰው ይሆናሉ። ሁሉም አባል በአንድ ቀን ከመቀየር ይልቅ በየዓመቱ ግማሹ ቢቀየር ነባሩ አዲሱን ያስተምራል።

ርክክቡ ከምርጫው በ2 ሳምንት ውስጥ፣ በዝርዝርና በፊርማ ይሁን፦ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ ያለቁና ያልተጀመሩ የደረሰኝ ጥራዞች ከነቁጥራቸው፣ ማኅተም፣ ቁልፍ፣ የንብረት ዝርዝር። የባንክ ፈራሚዎች ለውጥ በዚያው ሳምንት ይፈጸም፤ ካልተፈጸመ ለጥገና የተሰበሰበው ገንዘብ የቀድሞው ፈራሚ እስኪገኝ ታስሮ ይቀመጣል። የቴሌግራም ቡድኑ ባለቤትነትም እዚያው ዝርዝር ላይ ይግባ። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከትምህርት ቤቱ የወጣ ወላጅ ስልክ ላይ ብቻ የቀረ ቡድን፣ ያ ስልክ የጠፋ ዕለት 400 ወላጅ ይዞ ያለ ኃላፊ ይቀራል።