ስፌቱ ላይ የሚያርረው የማይክሮዌቭ ድንች ከረጢት ተስተካከለ
ድንች አስገብተን ማይክሮዌቭ ውስጥ የምናበስልበት የጨርቅ ከረጢት ስፌቱ እየቀለጠ የሚጠቁረው በክሩ ምክንያት ነው፤ ክሩ ፖሊስተር፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ነበር። ክሩን በክብሪት ለኩሱት፦ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። አሁን ክሩም፣ ጨርቁም፣ መሃል የሚገባውም ንጹሕ ጥጥ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ለመሃሉ ግሩም ነው፤ ጥለቱን ግን ቁረጡለት፣ የብረት ክር ካለበት ማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭታ ያስነሣል። ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ አለዚያ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል። ልኩ 25 በ56 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት ድርብ። ድንቹ ታጥቦ እርጥቡን ይግባ፤ በ4 ደቂቃ ከፍታችሁ እዩት፣ ሲደርቅ ጥጥም ያርራልና። ዋጋ ስትተምኑ የጥጥ ክሩን ጭማሪና የአጠባውን ሰዓት አስገቡ፤ ጨርቁን ብቻ አስልቶ መሸጥ ድካምን በነጻ መስጠት ነው።