የዩኒቨርሲቲ ከተማን ዜና መሰብሰብና መጻፍ፦ በደብረ ብርሃን የሰፈር ጋዜጣ ለሚያዘጋጁ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ግን የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ይህ የዕድሜ ልዩነት በዜና ሥራ ላይም ይታያል። ነባሩ ነዋሪ ወሬውን ከእድር፣ ከሰንበቴና ከገበያ ያገኛል፤ ተማሪውና መምህሩ ደግሞ ከግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳና ከቴሌግራም። ስለዚህ በአንድ ገጽ የሚወጣ የሰፈር ጋዜጣ ሥራው ሁለቱን መድገም ሳይሆን፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር በአንዱ ወገን የተወሰነ ነገር በሌላው ወገን የሚኖረውን ሰው እንዴት እንደሚነካው ማሳየት ነው።

ከመጀመሪያው እትም በፊት የዓመቱን ዑደት በደብተር ማስፈር ይበጃል። በአንድ ዓምድ የተማሪዎች መግቢያ፣ የፈተና ሰሞን፣ ምረቃና የክረምት ዕረፍት፣ በሌላው ዓምድ አዝመራው፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ፣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ በዓላት፣ የግብር መክፈያ ወቅት ይጻፉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚጠየቀው ጥያቄ ራሱ ይመጣል። ተማሪ ሲገባ የቤት ኪራይ ምን ሆነ? ምረቃ ሲደርስ ከሩቅ የመጡ ወላጆች የት ያድራሉ? ግቢው ሲዘጋ በዙሪያው ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶች፣ ለ«ነን ካፌ» ተማሪዎች (በግቢው ካፌ ለማይመገቡት) ምግብ የሚያዘጋጁ እናቶች በምን ይተዳደራሉ? የመጨረሻው ጥያቄ በዜና መልክ ሲቀርብ እምብዛም አይታይም፤ በእኔ አመለካከት ግን ከብዙ የስብሰባ ዘገባ ይልቅ የከተማዋን ኑሮ የሚገልጠው እርሱ ነው።

ዜና የሚሰበሰበው በእግር ነው። በሳምንት አንድ ቀን ወስኖ የቀበሌውን ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ መናኸሪያውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የሬጅስትራሩን ደጃፍና የተማሪዎች ኅብረትን መዞር ያስፈልጋል። ከቢሮ ቃል ሲጠየቅ ኃላፊው «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ቢል ያ መልስ ዜና አይደለም፤ ማን ወሰነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በስንት ብር፣ የሚመለከተው የትኛውን ሰፈር ነው ብሎ በትሕትና መድገም ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ስለሚጨምር፣ ጠያቂው ይህን ያለ ጠብ ቢያስታውስ አያሳፍርም።

አጻጻፉ አጭር ይሁን። «በቅርቡ በአንዳንድ አካባቢዎች ውኃ ይቋረጣል» የሚለው ማንንም አይረዳም፤ «ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጠባሴ ውኃ አይኖርም፤ ምክንያቱ የመስመር ጥገና ነው» የሚለው ግን እንስራ ያስሞላል። ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ ሰፈሮቹን ስለማያውቅ፣ ቦታ ሲጠቀስ የታወቀ ምልክት ቢጨመርለት መልካም ነው። የምርምር ዜናም እንዲሁ ነው፦ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ገብስ ወይም ስለ በግ ርባታ አዲስ ነገር ሲሰማ፣ የአውደ ጥናቱን ንግግሮች ከመዘርዘር ይልቅ በከተማዋ ዙሪያ ያለው የባሶና ወራና ወረዳ ገበሬ ዘሩን ከየት ያገኛል፣ ምን ያህል ይከፍላል፣ ከቀድሞው አሠራሩ ምኑን ይለውጣል የሚለውን መጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው የሞት ዜና ነው። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ አዝማድ ተሰባስቦ፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ ነው፤ ስለዚህ አዘጋጁ ወሬውን ከማንም ቀድሞ ቢሰማም፣ ቤተሰቡ መርዶውን መስማቱን ከእድሩ ዳኛ ወይም ከቅርብ ዘመድ ሳያረጋግጥ ስም ሊያወጣ አይገባም። በተለይ የሞተው ተማሪ ሲሆን እናቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ልትኖር ትችላለች፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ያወጡት ፎቶ ከመርዶ ነጋሪዎቹ ቀድሞ ቤቷ ሊደርስ ይችላል። ጋዜጣው በዚህ አንድ ጉዳይ የመጨረሻው ቢሆን ይመረጣል። ከታወቀ በኋላ የቀብሩን ሥፍራና ሰዓት፣ ድንኳኑ የተተከለበትን ቦታ መግለጽ በቂ ነው፤ የሞቱን ምክንያት ቤተሰቡ ካልፈቀደ አለመጻፍ ነው። በከተማዋ ተጠልለው የቆዩ ተፈናቃዮችን በሚመለከትም ያው ሥርዓት ይሠራል፦ የሚያስፈልጋቸውንና እርዳታ የሚሰጥበትን ቦታ ጽፎ፣ የሕፃናትን ፊትና ስም መተው።

ያልተጣራ ወሬ በሕግም ያስጠይቃል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛው መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል፤ ጋዜጣውን በቴሌግራም ጭምር የሚያሰራጭ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። በግቢና በከተማ መካከል ጠብ ተነሣ የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ከሁለቱም ወገን ያየ ሰው ሳይገኝ የማንንም ብሔር ወይም ሃይማኖት መጥቀስ አይገባም። ስሕተት ከታተመም እርማቱ በሚቀጥለው እትም፣ ስሕተቱ በወጣበት ቦታና በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ።

የታተመው ወረቀት በዩኒቨርሲቲው በር፣ በመናኸሪያውና በወፍጮ ቤቶች ቢለጠፍ ስልክ የሌለውም ያነበዋል፣ ወይም ያስነብባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የበሩን ድርሻ ቀንሶ ለቀበሌዎቹ መጨመር ነው።